የአንጁሎ ጉልበት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ለነፍስ አባቴም አልተናዘዝኩትም። ለነፍስ አባቴ ያልነገርኳቸው ስግደትና ጾም ሰጥተውኝ፣ ሰግጄና ጾሜ፣ ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ እንዳልገባ ነው እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን አታለልኩ። እንዲያ አይደለም። አፍሬ ነው። እናንተ የምታነቡኝ አታውቁኝም፤ ስለዚህ ከእናንተ ልጀምር። ሰሞኑን ፊት ለፊት ቆሜ የምነግረው ሰው አለ፤ ያን ዕለት አፌ እንዳይተሳሰር እዚህ ልለማመድ። እኔ ድሮም ልምምድ ሳልሠራ ጨዋታ አልወድም።

የበደልኩት ልጅ አንጁሎ ይባላል። የበደልኩት በአንድ ንግግር ነው። «ግራ ጉልበቱን ያመዋል» አልኩ። አያመውም ነበር። እኔ አሰልጣኙ፣ ጉልበቱ ጤነኛ መሆኑን ከማንም በላይ የማውቀው ሰውዬ፣ አመመው አልኩ።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ አርባ ምንጭ የስፖርት አስተማሪ ነበርኩ። የተወለድኩት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ተመድቤ መጣሁና በዚያው ቀረሁ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ አንድ የከተማው ክለብ፣ ስሙን አልጠራም፣ የተስፋ ቡድኑን እንዳሰለጥን ቀጠረኝ። ተስፋ ቡድን ማለት ክለቡ ነገ ለዋናው ቡድን ይሆኑኛል ብሎ የሚያሳድጋቸው ልጆች ናቸው። ሕጉ አጭር ነበር። ልጆቹ ዕድሜያቸው ሲደርስ ወይ ወደ ዋናው ቡድን ያድጋሉ፣ ወይ ይሰናበታሉ። በዋናው ቡድን ደመወዝ አለ፣ ካምፕ አለ፣ አዲስ አበባ ድረስ እየሄዱ መጫወት አለ። የተሰናበተው ወደ ሽመናው፣ ወደ እርሻው፣ ወይ ጫሞ ዳር ዓሣ ወደ መሸከም ይመለሳል። ማን አድጎ ማን እንደሚሰናበት ደግሞ ዋናው አሰልጣኝ የሚጠይቀው እኔን ነበር።

አንጁሎ ከጨንቻ በላይ ካለ መንደር የመጣ ልጅ ነው። ሲቀላ በሚባለው የአርባ ምንጭ ሰፈር አክስቱ ቤት ተቀምጦ ይማር ነበር። ዳገት ላይ አድጎ ሜዳ ላይ ሲያሯሩጡት ሸክም እንደወረደለት ሰው ነበር የሚሮጠው። ግራ እግሩን የመሰለ እግር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላሰለጠንኩም። አማርኛው ግን እንደ እግሩ አልነበረም። «ጋሼ፣ እናቴ ከአገር መጥቷል» ይለኛል። ልጆቹ ይስቃሉ፣ እሱም አብሯቸው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ጋሼ ይለኝ የነበረው እንደ ሌሎቹ ለአክብሮት ብቻ አልነበረም። እውነት ታላቅ ወንድሙ አድርጎኝ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ፊቴ ይግላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልምምድ ጨርሰን ዋናው አሰልጣኝ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ግራ ክንፍ ላይ የሚጫወት ሰው አጥቶ ተቸግሮ ነበር። በአገጩ ወደ አንጁሎ አመለከተና «ያን ልጅ ልውሰደው?» አለኝ። ይህ ነው እንግዲህ። አንድ ልጅ ዕድሜ ልኩን ሲመኘው የኖረው ጥያቄ በእኔ ጆሮ ገባ።

ምን ነበረብኝ «ውሰደው» ብል? እንግዲህ ልናገር። የተስፋ ቡድኖች ውድድር ላይ ለዋንጫ ደርሰን ነበር። ወደ ዋናው ቡድን የተወሰደ ልጅ ደግሞ ተመልሶ ለተስፋው መጫወት አይችልም። ያለ አንጁሎ ዋንጫው እንደማይገባ አውቃለሁ። ዋንጫ ያመጣ ሰው ለዋናው ቡድን ምክትል አሰልጣኝ እንደሚሆን ደግሞ በሹክሹክታ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ፊቴን ያዘነ አስመስዬ «እሱማ ጎበዝ ነበር፤ ግራ ጉልበቱን ያመዋል» አልኩ። ወጌሻው፣ ተጫዋች ሲጎዳ የሚያሸው ሰው፣ በቦታው አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ያጋልጠኝ ነበር። አለመኖሩን አይቼ ነው የዋሸሁት። አስቤበት ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የኔው ወለምታ እንኳን አልነበረም፣ ሆን ብዬ የተናገርኩት ነው።

ለአንድ ውድድር ብቻ ነው ብዬ ነበር። ዋንጫው ይግባና ጉልበቱ ዳነ እላለሁ፣ ከዚያ ያድጋል፣ ማንም አይጎዳም ብዬ አስልቼ ነበር። አሁን የሚገርመኝ ውሸቱ ብቻ ሳይሆን ስሌቱም ነው። የሰው ልጅ ዕድል እኔ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ እንደሚቆይ ሸማ ነበር የመሰለኝ።

ዋንጫው ገባ። ያስገባው አንጁሎ ነው፤ ሁለቱንም ግብ እሱ አገባ። ሕዝቡ ትከሻው ላይ ተሸክሞት ሲዞር ዋናው አሰልጣኝ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ጉልበቱስ?» አለኝ። እዚህ ጋ ልመለስ እችል ነበር። ተሳስቼ ነው፣ ድኗል ማለት እችል ነበር። ግን ሰውየው በጥርጣሬ ዓይን አየኝና ደነገጥኩ። «በማስታገሻ መርፌ ነው የተጫወተው» አልኩ። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። በመርፌ የሚሮጥ ልጅ ለአንድ ዓመት እንኳ አይሆነኝም ብሎ ሌላ ልጅ መረጠ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚለው ተረት የኔን ውሸት አያውቀውም። የኔው እያደረ ከበደ።

በዓመቱ መጨረሻ የአንጁሎ ዕድሜ ደረሰና ተሰናበተ። እኔ ምክትል አሰልጣኝ ሆንኩ።

ሲሰናበት ምክንያቱን ማንም አልነገረውም። ወደ እኔ መጥቶ «ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። «ምንም አላጠፋህም፣ የዕድል ነገር ነው» አልኩት። ይህ መልስ ነው የጎዳው። በጋሞ ሽማግሌዎች ዘንድ ጎሜ የሚሉት ነገር አለ። ሰው ነውር ሠርቶ ከደበቀ፣ የደበቀው ነገር አድሮ ራሱን ወይ ቤተሰቡን ይቀጣል፤ መድኃኒቱ በአደባባይ መናገር ነው። የአንጁሎ አባት ልጃቸው ባዶ እጁን ሲመለስ አሰቡት። ልጄ ጤነኛ ነው፣ ግብ አገባ፣ ዋንጫ አመጣ፣ ተባረረ። የሚታይ ምክንያት ከሌለ የማይታይ ምክንያት አለ ማለት ነው፤ ልጁ የደበቀው ጎሜ አለበት አሉ። ሽማግሌዎቹ ትክክል ነበሩ እኮ። የተደበቀ ነገር ነበር። የደበቀው ሰው ነው ሌላ የሆነው።

አንጁሎ ከተማ ወርዶ አብሬው እንድወጣ ለመነኝ። አባቱ «አሰልጣኙም ይምጣና የሚያውቀውን ይናገር» ብለው ነበር። ሄድኩ። በጭነት መኪና ላይ ሆነን ዳገቱን ስንወጣ ጋቢውን አውልቆ ለእኔ ደረበልኝ፤ ቆላ የለመደ ሰው ብርድ አይችልም ብሎ።

ሽማግሌዎቹ ዱቡሻ በሚሉት ሜዳ ላይ ተሰብስበው ነበር። ዱቡሻ እርቅና ፍርድ የሚካሄድበት የተከበረ ሜዳ ነው፤ የጥንት አባቶች ያቆሟቸው ድንጋዮች አሉበት። አንጁሎ መሃል ተንበረከከና በኑሮው ያጠፋውን እየፈለገ መናገር ጀመረ። እኔ ጋሞኛ ብዙም አልሰማም፤ አጎቱ አጠገቤ ተቀምጠው እያንዳንዱን ቃል ይተረጉሙልኝ ነበር። ከታናሽ ወንድሙ ጋር መጣላቱን ተናገረ፤ ታርቃችኋል፣ እሱ አይደለም አሉት። የጎረቤት ሸንኮራ መስረቁን ተናገረ፤ ሽማግሌዎቹ ፈገግ አሉ፣ እሱም አይደለም አሉት። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። ልጅ ሳለ ሰው በሌለበት ከጓደኞቹ ጋር ዱቡሻው ላይ ኳስ ይጫወት ነበር። ድንጋዮቹን የግብ ቋሚ አደረጓቸው። ግቡ ጠበበብኝ ብሎ አንዱን ሲገፋው ድንጋዩ ተንከባልሎ ገደል ገባ። ለማንም አልተናገረም። ይህን ሲል ሜዳው በሙሉ አጉረመረመ። ተገኘ አሉ።

ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ግን አልቸኮሉም። ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ተናገሩ። አጎቱ ተረጎሙልኝ፦ «አስተማሪው ከልጁ ጋር ኖሯል። እኛ የማናውቀው፣ እሱ የሚያውቀው ነገር ካለ አሁን ያውጣው ይላሉ። የቀረ ነገር ካለ ልጁ አይነጻም ይላሉ።»

በግልጽ ተጠየቅሁ። በማውቀው ቋንቋ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ልጅ በእንባ ተንበርክኮ ሳየው ተጠየቅሁ። ብድግ ብዬ «ጥሩ ልጅ ነው፤ ክለብ ውስጥ ያጠፋው ነገር የለም» አልኩ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። ያልኩት ቃል ሁሉ እውነት ነበር፤ ለዚህም ነው ከመጀመሪያው ውሸት ይልቅ ይህን የምጸየፈው። የመጀመሪያውን ስዋሽ የሚሆነውን አላወቅሁም ልል እችላለሁ። ይህን ስል ግን ልጁን እያየሁት ነበር።

ፍርዱ ተሰጠ። ገደል የገባው ድንጋይ ይተካ፣ በግ ይታረድ፣ ነገሩን ያመጣው ኳስ ነውና ልጁም ከእሱ የሚወለደውም ኳስ አይንካ ተባለ። አንጁሎ ተነሣ። ቀሎት ነበር፤ ምክንያቱን አገኘዋ። እኔን አቅፎ ስለመጣሁ አመሰገነኝ። «እናቴ ቆጮ ሠርቶ ጠብቆናል፣ ጋሼ» አለኝና ቤት ወሰደኝ። በላሁ። እናቱ ቅቤ ጨምሩበት እያሉኝ በላሁ። ስሄድ ታኬታውን አጥቦ በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ፤ ጫማ ለሌለው ልጅ ስጥልኝ ብሎ። ሰጠሁለት። ይህችን ብቻ ነው እንደ ቃሌ ያደረግሁለት።

ጎሜ እኔን ምን አደረገኝ? ምንም። ጤነኛ ነኝ፣ በክብር ጡረታ ወጣሁ፣ ሴቻ ሰፈር ቤት ሠራሁ፤ በመንገድ ሳልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሣልኛል። አንጁሎ ሸማኔ ሆነ። በገበያ ቀን ሲቀላ ጋቢ ሊሸጥ ሲመጣ ከሩቅ ካየሁት በሌላ መንገድ እዞራለሁ። አንዳንዴ ቀድሞ ያየኝና ሮጦ ይስመኛል። አንድ ጊዜ የራሱን ሥራ ጋቢ በግድ ሰጠኝ። ለብሼው አላውቅም፤ ለባለቤቴም ለምን እንደማልለብሰው አልነገርኳትም።

እንዲህ እያልኩ ልሞት ነበር። ባለፈው ወር ግን የድሮ ተማሪዬ የነበረች፣ አሁን የሴቶች ቡድን የምታሰለጥን ልጅ ቤቴ መጥታ ስታማርር ዋለች። ማርታ የምትባል ድንቅ ግራ እግር ያላት ልጅ አግኝታ ነበር፤ ክለብ ሊወስዳት ሲል አባትየው መጥተው ከሜዳ አወጧት። «የኔ ቤትና ኳስ አይስማማም፤ እኔም ሞክሬው በጎሜ ነው የወጣሁት» አሏት አለችኝ። የአባትየውን ስም ጠየቅኳት። መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር። «ጋሽዬ፣ እርስዎን ያከብራሉ ይባላል፤ አንድ ቃል ይንገሯቸው» አለችኝ። ማርታ ከሜዳ የወጣችው በእኔው አንድ ቃል መሆኑን አላወቀችም።

በማግስቱ ለአጎቱ ደወልኩና ሽማግሌዎቹን እንዲሰበስቡልኝ ለመንኩ። ምክንያቱን ጠየቁኝ። «የደበቅሁት ነገር አለ» አልኩ።  «ና» አሉኝ። ዛሬ ማታ ለባለቤቴ እነግራታለሁ፤ ከዚያ እሄዳለሁ። ወስኛለሁ፤ ጉልበቴ ዳገቱን ባይችል እንኳ በበቅሎ እወጣለሁ።

እዚያ ስደርስ የማልላቸውን ነገሮች አውቃለሁ። ወጣት ነበርኩ አልልም። ለአንድ ውድድር ብቻ ነበር አልልም። ባህሉን አላወቅሁም አልልም፤ አጎቱ እያንዳንዱን ቃል ተርጉመውልኛል። ሌላም የማላደርገው ነገር አለ። በጋሞ አገር እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው እምቢ ማለት አይቻልም፤ የተበደለው ወደደም ጠላም ይቅር ይላል። አንጁሎን አውቀዋለሁ፤ ሣሩን ሳያይ ሊያነሣኝ ይሮጣል። ስለዚህ ሣር አልይዝም፣ አልንበረከክም። ቆሜ፣ ልጁ ምንም እንዳልነበረበት፣ ጉልበቱ ጤነኛ እንደነበረ፣ የዋሸሁት እኔ መሆኔን፣ ሲጠይቁኝም ዝም ያልኩት እኔ መሆኔን እናገራለሁ። ፍርዱ ከማርታ ላይ ይነሣ። እኔን በተመለከተ ግን አንጁሎ እጁ ነፃ ይሁን፤ ሊጠላኝ ከፈለገ ይጥላኝ።