ላሰልስ ፖርትሞር ከገባ ወዲህ

ላሰልስ ቤት ሲገዛ ሚስቱን አማክሯል፣ ባንኩን አማክሯል፣ የቤተ ክርስቲያኑን ፓስተር ሳይቀር አማክሯል። እኔን ግን አላማከረኝም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፊቱ የተቀመጥኩትን እኔን! ኪንግስተን ውስጥ የዶሚኖ አጋር ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር ይመስለዋል። አጋርህ ፊት ለፊትህ ይቀመጣል፤ በእጁ የያዘውን ድንጋይ ሳታይ ታውቃለህ፤ እሱም ያንተን ያውቃል። እኔ ከሚስቴ ጋር እንኳ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም፤ እሷም ብትጠየቅ ይህንኑ ትመሰክራለች።

ላሰልስ አናጺ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው። እኔ ጫማ ሰፊው ሩፐርት ነኝ፤ ከሱቄ እስከ እሱ የእንጨት ሥራ ቤት ሦስት በር ብቻ ነው። እሱ የኖረው እዚያው ሰፈር፣ አሥራ አንድ ቤተሰብ ለአንድ ቧንቧ በሚሰለፍበት ግቢ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሚስቱ መርዲና ተራዋ ሲደርስ ውሃው ተቋረጠ። ባልዲዋን እዚያው ጥላ ገባችና፣ «ወይ ከዚህ ግቢ አብረን እንወጣለን፣ ወይ እኔ ብቻዬን እወጣለሁ» አለችው። በዓመቱ ከባሕሩ ማዶ ፖርትሞር ቤት ገዝተው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ፖርትሞር ያልሰማሁት የለም። ነፋሱ፣ የራሱ ቧንቧ፣ የራሱ የማንጎ ዛፍ። ዛፍ ይበላት እንጂ ቁመቷ እስከ ጉልበቱ እንደሆነ ራሱ አምኗል። እኔ በበኩሌ እሱ የዘለለውን አስታውሰዋለሁ። ትንኙን፣ ሙቀቱን፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህ በኩል «ይማርህ» የሚያሰኘውን ስስ ግድግዳ፣ ጠዋትና ማታ አውቶቡስ ውስጥ መታጨቁን።

«ሄደህ ሳታየው?» ይለኛል።

«ሲኦልንም ሄጄ አላየሁትም።»

እግሬ ፖርትሞርን አይረግጥም ብዬ ምዬ ነበር። አኩርፌ ነው፤ ምን እደብቃለሁ።

ትልቁ ጣጣ ግን አውቶቡሱ ነበር። ወደ ፖርትሞር የሚሄደው የመጨረሻው አውቶቡስ የሚነሳው ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ነው። በእኛ ሰፈር ደግሞ ዝም ብሎ ማሸነፍ ማሸነፍ አይባልም። ሰው የሚያሰኝህ ስድስት ጨዋታ በተከታታይ፣ ለተጋጣሚህ አንዲት እንኳ ሳትሰጥ ስትወስድ ነው። ስድስት ለዜሮ የተሸነፈ ሰው ለወራት አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። ላሰልስ ሰፈር ሳይለቅ እኔና እሱ ሥጋ ሻጩን ዩራያንና ዝምተኛውን አጋሩን ፒኖክን በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይህን እናቀምሳቸው ነበር። ከሄደ በኋላ ግን በሁለት ዓመት አንድም ጊዜ አልሆነልንም።

ዩራያ መጫወት ስለተማረ አይደለም። መጠበቅን ስለተማረ ነው። ሦስት ለዜሮ ስንደርስ ይርበዋል። የተጠበሰ ዓሣ በካሳቫ ቂጣ ያዝዝና እሾሁን አንድ በአንድ ይለቅማል። አራት ለዜሮ ስንደርስ ሟቹ አጎቱ ትዝ ይሉትና ቀብራቸውን ከሬሳ ሣጥኑ ምርጫ ጀምሮ ይተርካል። አምስት ለዜሮ ላይ ሽንት ቤት ይሄዳል፤ ሲቆይ ፒኖክ «ደህና መሆኑን ልይ» ብሎ ይከተለዋል። ላሰልስ ሰዓቱን አይቶ ይነሳል። የምንጫወትበት መጠጥ ቤት ባለቤትና የሁላችንም ዳኛ ሚስ አይሲልዳ «ሰው ትቶ ከሄደ ጨዋታው ፈረሰ» ብለው ፈርደዋል፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ዜሮ ይሆናል።

እኔም በመጨረሻ የማፍርበትን ነገር አደረግኩ። ፀጉር አስተካካዩ አልቪን የሚኖረው ከመጠጥ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፤ የሚጠብቀው አውቶቡስ የለም። «ከአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቅዳሜ ጀምሮ ከፊቴ የምትቀመጠው አንተ ነህ» አልኩት። የቀረው ለላሰልስ መንገር ነበር። ከጨዋታ በኋላ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ከጨዋታ በኋላ ግን የማየው የሚሮጥ ጀርባውን ብቻ ነው።

የዓመቱ የመጨረሻ ቅዳሜ ደረሰ። ለእኔና ለእሱ የመጨረሻችን መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ እሱ አያውቅም ብዬ ነበር። ድንጋዩ ቀንቶን አምስት ለዜሮ መራን። ስድስተኛው ተጋምሷል። ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዩራያ ተራው ደርሶ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ ማየት ጀመረ።

«ኧረ ጣል!» አልኩት።

«ላስብ እንጂ! ማሰብ ተከለከለ እንዴ?»

«አንተና ማሰብ ደግሞ መቼ ተዋወቃችሁ?»

ላሰልስ ተነሳ። ለወትሮው ድንጋዮቹን ጠረጴዛው ላይ ይደፋ ነበር። ያን ቀን ግን በእጁ እንደጨበጣቸው ቀረ።

«ሩፐርት፣ ጣውላውን አንሳ» አለኝ።

የምንጫወትበት ጠረጴዛ በበርሜል ላይ የተጋደመ ጣውላ ነው። ገባኝ። ዩራያ «ሊሄድ ነው! ፈረሰ!» ብሎ ሲጮህ ሚስ አይሲልዳ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ትቶ አልሄደም» አሉ። «ድንጋዩ በእጁ ነው። የሚሄደው ጨዋታው ነው። ያልተከተለ ሰው እሱ ነው የተወው፤ የተወ ደግሞ ተሸነፈ።»

የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሳቀ። «ሂድ ዩራያ! ወይስ ባሕር ትፈራለህ?» ዩራያ እየተራገመ ድንጋዮቹን ጨብጦ ተነሳ። እኔ የተደረደሩት ድንጋዮች እንዳይንሸራተቱ ጣውላውን እንደ ሠርግ ኬክ ይዤ በገበያው መሐል ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው አለፍኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያልለቀቀልኝ ገበያ ያን ቀን መንገድ ለቀቀልኝ።

«ይቺ ጣውላ የሁለት ሰው ቦታ ትይዛለች፤ ትከፍላላችሁ» አለ የፖርትሞሩ አውቶቡስ ሸበቶ ረዳት። ከፈልን። እነዩራያ ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ዞረው ተቀመጡ፤ እኔና ላሰልስ ከኋላ፤ ጣውላው በአራታችን ጉልበት ላይ። አጋሬ አጠገቤ ሲቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ ፊቱን ስለማላይ ግራ ገባኝ። ሌላም ነገር ግራ ገባኝ። አውቶቡሱ ውስጥ እሱን የማያውቅ የለም። «ጋሽ ላሰልስ፣ እንዴት አመሹ?» «ጋሽ ላሰልስ፣ የሠሩልኝ በር ግጥም አለ እኮ!» ቀናሁ፤ ቅናት ካልሆነ ስሙን ንገሩኝ።

ዩራያ አመሉን አልተወም። «መንገዱ ነቀነቀኝ፣ ላስብ» አለ።

«አስብ» አለው ላሰልስ በእርጋታ። «እኔ ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነው።»

ዩራያ ነገሩ እስኪገባው የባሕሩን ድልድይ ተሻገርን። ከዚያ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። «ከፖርትሞር ወደ ኪንግስተን የመጨረሻው ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ረዳቱን ጠየቀ።

«እንደደረስን ያለው ነው። ከዚያ በኋላ ጠዋት።»

እንዲህ የሚቻኮል ዩራያ አይቼ አላውቅም። «ጣል! ጣል እንጂ ሩፐርት! ምን ታስባለህ?» እኔም ሟቹን አጎቴን አስታወስኩ። ኬክ ያቀፈች ነርስ «እንዴት ሞቱ?» ብላ ስትጠይቀኝ ሕመማቸውን ከሥሩ ጀመርኩላት።

መጨረሻው ጣቢያ ስንደርስ ማንም አልወረደም። ማዶ የቆመው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ «ኪንግስተን! የመጨረሻ! ሞላ!» ይላል። ላሰልስ እጅ ላይ አንድ ድንጋይ ቀርታለች፤ አራት እንዳለባት ነርሷ ሳትቀር አውቃለች። ዩራያ የነበረበት ክፍት የሆነውን የአራት ጫፍ መዝጋት ብቻ ነው፤ መዝጊያውም እጁ ላይ ነበር። ፒኖክ በእግሩ ጎሰመው። የማዶው ክላክስ ጮኸ። ዩራያ አንዱን ድንጋይ በወዲያኛው ጫፍ ወርውሮ ብድግ አለ።

ላሰልስ አራቷን ጣውላው ላይ ሲያጮላት ድንጋዮቹ ሁሉ በአውቶቡሱ ወለል ተበተኑ።

«ስድስት ለዜሮ!» ብሎ የጮኸው ረዳቱ ነው። ዩራያና ፒኖክ ፊታቸውን ሳያዞሩ ወርደው ሮጡ። እኔም መሮጥ ነበረብኝ። ግን ተንበርክኬ ከወንበር ሥር ድንጋይ እየለቀምኩ ነበር። ቀና ስል የማዶው አውቶቡስ ሄዷል።

ላሰልስ ቤት ስንደርስ በሩን የከፈተችው መርዲና ናት። እኔን ስታይ ደነገጠች።

«ሩፐርት! ማን ሞተ?»

«ዩራያ» አልኳት። ሳቀችና ለገና የጠመቀችውን ሶረል የሚባል ቀይ መጠጥ ቀዳችልኝ። ነፋሱ እውነት ነው። ትንኙም እውነት ነው። የጎረቤት ሬዲዮ ከግድግዳው ማዶ ዜና ያነባል። በረንዳው ላይ ከማሆጋኒ የተሠራ የዶሚኖ ጠረጴዛ ከአራት ወንበሮቹ ጋር ቆሟል። የላሰልስ እጅ ያረፈበት ሥራ ነው፤ ሦስቱ ወንበሮች ግን ቀለማቸው እንኳ አልተነካም።

«ማን ይጫወትበታል?» አልኩት።

«ማንም።»

«እነዚያ አውቶቡስ ውስጥ ያሉትስ?»

«አውቶቡስ ውስጥ ወዳጆች ነን። ከወረድን በኋላ ሁሉም በሩን ዘግቶ ይተኛል። እኔም እንደዚያው ነኝ።» ማንጎዋን ውሃ እያጠጣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የሚያወራው። «ውሃው አለኝ፣ ነፋሱ አለኝ፣ መርዲና ደስ ብሏታል። ከፊቴ የሚቀመጥ ነው ያጣሁት።»

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ፊት ለፊት ያለውን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ የአልቪንንም ነገር አፈረጥኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ዩራያ ባለፈው ወር ነግሮኛል።»

«ታዲያ አንተ ሰውዬ፣ ወር ሙሉ ምነው ዝም አልከኝ?»

«መቼ ልናገር? አውቶቡስ እየሄደብኝ! ለጠብ የሚሆን ጊዜ ነበረኝ?»

ያን ምሽት ግን ጊዜ ነበረን። እሱ አልቪንን አነሳብኝ፣ እኔ ያላማከረኝን አነሳሁበት፤ መርዲና ምግቡን ሁለት ጊዜ እስክታሞቅልን ድረስ እስኪበቃን ተጣላን።