እንደነበረች አድርግልኝ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት የማሽላ አጨዳ ሰሞን ነው። ያልረሳሁት መኪናዬን በየቀኑ ስለማያት ነው፤ እሷን ለማየት ደግሞ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል።

የገዛኋት አዲስ አበባ ካለ አንድ ጎረምሳ ነው። የአራቱንም ጎማ ሞላ ቆርጦ ዝቅ አድርጓታል። እዚያ አስፋልት ላይ ያምርባት ይሆናል። ቆቦ ላይ ግን ሆዷን እያሳከከች ነው የምትሄደው። ወዳጆቼ ሁሉ አትግዛ ስላሉኝ ገዛኋት።

ውሎ አድሮ ንጥረቱን የሚያበርዱት የኋላ አሞርዛተሮቿ ዘይታቸውን አፍስሰው ጨረሱ፣ የተቆረጡት ሞላዎችም ደከሙ። ከኋላ ሰው ከተቀመጠ ጎማው ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ይፍቀው ጀመር። ብዙ ጊዜ ብቻዬን ስለምነዳ ችዬው ኖርሁ።

ከዚያ፣ በወልድያ መንገድ ጎብዬ ላይ የሚኖሩት አማቴ አያ ይመር ወገባቸውን በቀዶ ሕክምና ታከሙ። ሐኪሙ ለምርመራ ወልድያ እንዲመለሱ፣ በመንገድም እንዳይንገጫገጩ አዘዘ።

«አባቴን ሚኒባስ ኋላ ወንበር ላይ አልቆልልም። መኪና አለን አይደል?» አለች ባለቤቴ።

«መኪና» የሚለው ቃል ላይ ልከራከር ሞከርሁ። አልሰማችኝም።

ሁሉንም በአዲስ መቀየር አቅሜ አልፈቀደም። አሞርዛተሮቹን ብቻ አዲስ ገዛሁ። ለሞላው ከተጋጨ መኪና የተፈታ ዕቃ የሚሸጡትን ሁሉ እየዞርሁ ስጠይቅ ከረምሁ። በመጨረሻ ወልድያ ላይ የማንም እጅ ያልቆረጣቸው፣ ሙሉ ቁመት ያላቸው ሁለት የኋላ ሞላዎች አገኘሁና እንደ ሙክት ታቅፌ ቆቦ ገባሁ። ለምርመራው አንድ ቀን ቀርቶ ነበር።

መካኒኩ ሰይድ የሚሠራው በዋጃ መውጫ ነው። ዕቃውን አስረክቤ፣ «ሰይድ፣ ይችን መኪና እንደነበረች አድርግልኝ» አልሁት።

«አብሽሩ ጋሼ። ልክ እንደነበረች ነው የማደርጋት።»

ከሰዓት ስመለስ መኪናዋ እንደ ጠዋቱ መሬት ላይ ተለጥፋለች።

«ገና አልጀመርህም?»

«ኧረ ጨርሻለሁ ጋሼ። ሞላው ብቻ ነው ያስቸገረኝ። ሰውየው ሸውዶዎታል፣ ከድሮው የሚረዝም ነው የሰጠዎት። ከድሮው ጋር ለክቼ ትርፉን ቆረጥሁት።»

የተቆረጠውንም አቅፎ አመጣልኝ፤ ንብረቴ ነውና።

«እንደነበረች ስልህ እኮ ከፋብሪካ ስትወጣ እንደነበረችው ማለቴ ነው።»

«ጋሼ፣ ከፋብሪካ ስትወጣ እኔ የት አየኋት? እኔ የማውቃት ጠዋት ነው።»

አጠገቡ ጎማ የሚያስነፋ ባለባጃጅ፣ «ምን ሆነች? የሙሽራ መኪና እኮ ነው የምትመስለው» አለ።

እዚህ አገር ሁሉም ሰው ነገሩ ሁሉ እንደነበረው እንዲመለስ ይመኛል። መቼ እንደነበረው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። አንዱ የአያቱን ዘመን ያስባል፣ ሌላው አምናን፣ ሰይድ ጠዋትን።

በማግስቱ አያ ይመርን ጎብዬ ላይ በትራስ ደግፈን ከኋላ አስቀመጥናቸው፤ ባለቤቴም አጠገባቸው ሆነች። ጎማው ፓራፋንጎውን መንካት ትቷል። በምትኩ የተቆረጠው ሞላ ደርቆ እያንዳንዷን ጠጠር ለወገባቸው ይነግራቸዋል። የመጀመሪያው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ደግሞ መኪናዋ በሆዷ ተቀምጣ ቀረች።

መውረድ ግድ ሆነ። አያ ይመር በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ወረዱ። እኔ ባዶዋን አሻገርሁ። እሳቸው በእግራቸው ተሻግረው፣ እያቃሰቱ መልሰው ገቡ። ሁለተኛውም ጉብታ ላይ እንዲሁ አደረግን። ሦስተኛው ላይ ቆም ብለው መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አዩዋት፤ ብዙም ጊዜ አልወሰደባቸውም።

«ለመሆኑ» አሉኝ፣ «ማን ነው ማንን የሚያደርሰው?»

ባለቤቴ ፊቷን ወደ ማሽላው አዞረች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ዛሬም አልነገረችኝም።

ሆስፒታል ስንደርስ ላብ አጥምቋቸዋል። ሐኪሙ ወገባቸውን እየዳሰሰ፣ «በምን መጡ አባባ?» አላቸው።

«ጥቂት በመኪና፣ ጥቂት በእግሬ።»

ቁስሉ ደህና ሆኖ ተገኘ። ስንወጣ አያ ይመር የመኪናዬን በር ከፍቼ ስጠብቃቸው አልፈውኝ መናኸሪያ ገቡ፣ የሚኒባስ ጋቢና ያዙ። ባለቤቴም ከኋላቸው ገባች። ቁልቁለቱን ስወርድ ሚኒባሱ አለፈኝ። አማቴ መንገድ ዳር ለቆመ ሰው እንደሚደረገው በመስኮት እጃቸውን አነሱልኝ።

ያ ቀን ትዝ ሲለኝ ዛሬም ያንገበግበኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፤ አልቀበልም። ሰይድ በበኩሉ ሌላ ሞላ ካመጣሁ እንደፈለግሁ አድርጎ እንደሚሠራልኝ ይነግረኛል። እስካሁን አላመጣሁም።

አያ ይመር አሁን ድነዋል፣ ገበያ ውለው ይመለሳሉ። ልጠይቃቸው እንደምመጣ ስደውል አስቀድመው የሚጠይቁኝ በምን እንደምመጣ ነው። ባለፈው እሑድ በመኪና ነው አልኋቸው።

«እንግዲያው ምሳ አንጠብቅህም» አሉ፤ «እራት እናቆይልሃለን።»