ማዕድ የለየንበት ምሳ

ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ አባቴ ምሳ ሊጋብዘን ከጀጎል ግንብ ውጭ ወዳለው የጣሊያን ምግብ ቤት ወሰደን። ፓስታው ይህን ያህል የሚወራለት አልነበረም፤ ስጎው ውሃ በዝቶበታል። አስተናጋጁ በየፊታችን አንዳንድ ሰሃን አስቀምጦ ሄደ።

እናቴ ሰሃኖቹን ተራ በተራ አየቻቸው። «ምን ተጣላንና ነው ማዕድ የምንለየው?» አለችና የእኔንና የእህቴን ፓስታ እሷ ሰሃን ላይ ገለበጠችው። ወደ አባቴም እጇን ስትዘረጋ ሰሃኑን በመዳፉ ከለለ።

«ሰው ያየናል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይየና!»

ሦስታችን አንዱን ሰሃን ከበብን፤ እናቴም በሹካ ታጎርሰን ጀመር። አባቴ ከጠረጴዛው ማዶ ፓስታውን እየጠቀለለ፣ ቀና ሳይል ብቻውን በላ። ያን ቀን ያየን ሰው ካለ፣ አባቴ ከቤተሰቡ ጋር የተኳረፈ ሳይመስለው አልቀረም።