የአማቴ የቤዝቦል ስርጭትና የተሸከምኩት ድንጋይ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን በሚባል ከተማ ሜዳ ላይ፣ ድንጋይ አንገቴ ላይ ተሸክሜ የባለቤቴ አባት ፊት ተንበርክኬ ነበር... በቤዝቦል ምክንያት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቴ ጋሽ መኩሪያ በልጅነታቸው ኩባ ተልከው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ቤዝቦልም እዚያ ተጫውተዋል። ዙሪክ ከገቡ በኋላ ኩባ አብረዋቸው ያደጉትን ሰብስበው በየዓመቱ ጄኔቫ ካሉት ሐበሾች ጋር ግጥሚያ ጀመሩ። አሁን የሁሉም ጉልበት ደክሟል። የምንጫወተው ልጆቻቸውና እንደኔ ያሉ አማቾች ነን፤ ሕጉን ግን አንዳችንም አናውቅም። ጋሽ መኩሪያ በሜጋፎን ጨዋታውን ያስተላልፋሉ፣ በዚያውም «ሩጥ፣ ቁም፣ አንተ ወጥተሃል» ይሉናል።

ችግሩ፣ ስርጭቱ መሀል ሁሌ ኩባ ትገባለች። «ኳሷ ሄደች... ኩባ ሳለን እንዲህ ያለችዋን በባዶ እጅ ነበር የምንይዛት...» ተመልካቹ ታዲያ «ኩባ ሳለን» ባሉ ቁጥር በአንድ ድምፅ ይቆጥራል። አምና ሠላሳ አንድ ደርሷል።

እኔ ደግሞ አላርፍ ብዬ፣ በሳምንቱ መሀል ድምፃቸውን አስመስዬ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለቀቅኩ። «ኩባ ሳለን ዝናቡ ራሱ ከታች ወደ ላይ ነበር የሚዘንበው።» ሰው በሳቅ ሞተ። እርሳቸውም ግሩፑ ውስጥ እንዳሉ ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው።

እሁድ ጋሽ መኩሪያ መጡ፣ ወንበራቸውን ዘረጉ፣ ሜጋፎኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ... ዝም አሉ።

መጀመሪያ ሳቅን። ከዚያ አንዱ የኛ ተጫዋች ኳሷን መትቶ ሮጠና መሀል መንገድ ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ ልቀጥል ወይስ ወጣሁ?» ሜጋፎኑ ከጭናቸው አልተነሳም። ጄኔቫዎች እየመራን ነው አሉ፣ እኛም እየመራን ነው አልን። ያ ሁሉ ሰው ሜዳ ላይ ተገትሮ የአንድ ሰው አፍ ያያል።

ልጃቸው ሲጫወት ሊያዩ ከጄኔቫ የመጡት የወሎው ጋሽ ሰይድ ለሽምግልና ወደ እርሳቸው ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸው ከብዷል።

«ልጄ፣ ሰውዬው ተጎድተዋል። ድንጋይ ፈልግ» አሉኝ።

ከሜዳው በታች ወዳለው ወንዝ ዳር ወረድኩ። ደህና ድንጋይ መርጬ ሳነሳ፣ ውሻዋን የምታንሸራሽር ስዊሳዊት አሮጊት አስቆመችኝ። «ሲጨርሱ ወደ ቦታው ይመልሱታል አይደል?» እመልሳለሁ አልኳት።

ሄጄ ተንበረከክሁ። «ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ቁልቁል አዩኝ። «ከእናቴ ስለይ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የልጅነትህን አውራ ብባል ያለኝ ያው ኩባ ነው። ሌላ ከየት ላምጣ?»

እውነቴን ነው፣ አፈርኩ። ድንጋዩ የከበደኝ ከዚያ በኋላ ነው።

«ለእኛ ሲሉ ይቅር ይበሉት» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ጋሽ መኩሪያ ሜጋፎኑን አንስተው አበሩት።

«ክቡራን ተመልካቾች... አማቼ ድንጋይ ተሸክሞ ሜዳ ገብቷል... አንገቱ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል... ድንጋዩ እንኳ አነስ ይላል። ኩባ ሳለን...»

ሰው ሁሉ ከንፈሩን ነከሰ፤ ማንም ሊቆጥር አልደፈረም።

ከኋላዬ ጋሽ ሰይድ በለሆሳስ «አንድ» አሉ።

አሁን ለጋሽ ሰይድ ሽማግሌ እየፈለግን ነው... ድንጋዩንም ገና አልመለስኩትም።