የመኪናዋ እንጥል

ከሸለቆው ምንጭ እስከ አንኮበር ግቢ ውሃ የምታወጣ መኪና በተተከለች ጊዜ፣ ለክፍሎቿ ስም ያወጡት አጎቴ ነበሩ። አጎቴ የደብር አለቃ ናቸው፤ እኔም በቤታቸው መጻሕፍት ስመረምር ያደግሁ ነኝ። መኪናዋን የተከለው ፈረንጅ የነገረን ስም አልያዝልን ስላለ፣ ውሃው የሚገባበትን የብረት በርሜል ሙቀጫ፣ በውስጡ የሚወጣ የሚወርደውን ብረት ዘነዘና አሉት። በሙቀጫው አፍ እየተከፈተች ውሃ የምታሳልፍ፣ ተመልሳም የምትዘጋ ትንሽ ክዳን ነበረች። እርሷን ብዙ ካሰቡ በኋላ እንጥል አሏት። ሌላ ስም መርጠው ቢሆን ኖሮ ኋላ የመጣው ሙግት ባልመጣ ነበር።

መኪናዋ በበቅሎ የምትዞር፣ ሁለት ሙቀጫ ያላት ነበረች። አንድ ረጅም ሰንሰለት እንጥሎቹን በሰዓታቸው ይከፍትና ይዘጋ ነበር፤ ያለ እርሱ ዘነዘናው ወጥቶ እንጥሉን መምታቱ አይቀርም። ፈረንጁ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ «ክፉው ነገር የእንጥል መጎዳት ብቻ ነው» ብሎ ነበርና፣ አጎቴ በግቢው ጌታ ፊት ዋስ ሆኑ፦ እንጥሏ የተጎዳ እንደሆነ በገዛ ጀርባቸው ውሃ ሊቀዱ። ውሃ ቀጂዎቹ ሴቶችም መኪናዋ በጤና እስካለች ድረስ ከሥራቸው ነጻ እንዲሆኑ ታወጀ።

አንድ ጠዋት ሰንሰለቱ ተበጠሰ። በቅሎዎቹ እስኪቆሙ ድረስ ከውስጥ ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማን። የግቢው አዛዥ እንስራ አስይዘው መጡ።

«አለቃ፣ ጀርባዎን ያዘጋጁ።»

«እንጥሏ መጎዳቱን ማን አየ?» አሉ አጎቴ።

ማንም አላየም። ሙቀጫው የሚከፈትበትን መፍቻ ፈረንጁ ይዞት ሄዷል። ስለዚህ የቀጥቃጭ ወናፍ ተውሰን በቧንቧው በኩል ትንፋሽ እንድንነፋባት አሳሰብሁ፤ እንጥሉ ደህና ከሆነ ትንፋሹን ይይዛል፣ ከተጣመመ ያፈስሳል። ዳኛ ተጠርተው ተቀመጡ፤ ውሃ ቀጂዎቹም ጥጣቸውን እየፈተሉ በካቡ ላይ ተደረደሩ። አንደኛው ሙቀጫ ትንፋሹን ይዞ ዝም አለ። ከሁለተኛው ግን ረጅም፣ የሚያሳዝን ፉጨት ወጣ።

«አፈሰሰ!» አሉ አዛዡ።

«ዜማ ነው እንጂ» አሉ አጎቴ። «ያውም ዕዝል። የታመመ ጉሮሮ ዕዝል አይወጣውም።»

እኔ በበኩሌ ድምፁ ወደ አራራይ ያዘነበለ መሰለኝ፤ እውነትን መሸሸግ ስለማይገባም ይህንኑ ተናገርሁ። ወናፉ ደጋግሞ ተነፋ፤ ክርክሩ እስከ ቀትር ዘለቀ። በመጨረሻ ዳኛው ሰለቻቸው።

«ዜማውን ለደብሩ ተዉት። እንጥሏ ተጎድቷል ወይስ አልተጎዳም?»

አጎቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀረቡ። «ጌታዬ ዳኛ፣ የርስዎ እንጥል የት አለ?»

«በሕፃንነቴ ተቆርጧል፤ እንደ ሰው ሁሉ።»

«ታዲያ ጎደሎ ነዎት?»

ከካቡ ላይ ሳቅ ፈነዳ። አዛዡ በቁጣ ተነሡ። «ዳኛው ውሃ አያወጡም!»

«ማን አዟቸው?» አሉ አጎቴ።

ዳኛው ጉሮሯቸውን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉ። እንጥል ማጣት ጉዳት ነው ብለው ቢፈርዱ በራሳቸውና በአገሩ ሰው ሁሉ ላይ መፍረዳቸው ነው። ስለዚህ መኪናዪቱ ጤነኛ ናት ብለው ፈረዱ። አጎቴ ከዋስትናቸው ነጻ ወጡ።

መኪናዪቱ ሰንሰለቷ ተበጥሶ ብትቆምም፣ በፍርድ ጤነኛ በመሆኗ ውሃ የሚቀዳ ሰው አልነበረም። በማግሥቱ የግቢው ጋን ሁሉ ደረቀ፤ ሊጥ ሳይቦካ፣ በቅሎ ሳይጠጣ ዋለ። አጎቴ የሚጠጡትም ለቅዳሴ የሚታጠቡበትም ሲያጡ ወደ ሴቶቹ ሄዱ፤ እኔም ተከተልሁ።

«ልጄ፣ አንድ እንስራ ብትቀጂልኝ?» አሏት ከሁሉ ታላቂቱን።

እንዝርቷን ሳታቆም፣ «አለቃ» አለች፣ «ጤነኛ መኪና ቆማ እያለች ብቀዳ ፍርድ ማፍረስ አይሆንብኝም?»

አጎቴ የሕጉን መንገድ ሁሉ በልባቸው እንደፈተሹ ከፊታቸው አወቅሁ። ነገሩ መውጫ አልነበረውም።

«እንግዲያው የምወርደው ስለ ዋስትናዬ አይደለም» አሉ። «ስለ ጥማቴ ነው።»

«እንስራው ይህን አይለይም። ጥምጥምዎን ለልጁ ይስጡ፤ ገመዱን ደግሞ ከደረትዎ ላይ ያጥብቁት።»

ጥምጥሙን በሁለት እጄ ተቀብዬ በገደሉ አፋፍ ቆምሁ። ሲመለሱ አስቀድሞ የመጣልን የትንፋሻቸው ድምፅ ነበር፤ ከሙቀጫው እንደ ወጣው ያለ ረጅም ፉጨት፣ በየእርምጃው። ሴቶቹ እንዝርታቸውን አቁመው አዳመጡ።

«አለቃ» አለች ታላቂቱ፣ «ይህኛውስ በየትኛው ዜማ ነው?»

አጎቴ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ያው ፉጨት ነበር።