አራት መቶ ዓመት የዘገየ ዳጉ

ያኔ አፌ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ይሮጥ ነበር። ዛሬ ጭንቅላቴ መሮጡን ትቶታል፤ አፌ ግን እንዳለ ነው።

በሰማንያዎቹ አጋማሽ አሰብ ላይ ለጎልማሶች ታሪክ አስተምር ነበር። ትምህርቱ የሚጀመረው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ሰው መጥበስ ሲሰለቻት ነው። ተማሪዎቼ የወደብ ወዛደሮችና የጭነት ወረፋ የሚጠብቁ የአዲስ አበባ ሹፌሮች ነበሩ። አንዳንዱ ለእውቀት ሳይሆን ለቬንቲላተሩ ብሎ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ከፊቱ ንቅንቅ አልልም ነበር።

አንድ ሰሞን ተራው የአሜሪካ ሆነ፦ ከአውሮፓ የመጡት ሰዎች መጀመሪያ እንዴት እንደሰፈሩ። መጽሐፉ ለነገሩ ሁለት ገጽ ሰጥቶታል። ሁለት ገጽ ለእኔ ምን ይሆነኛል? የመጀመሪያው ቀን ዘመኑንና ቦታውን ሰሌዳ ላይ ጽፌ አጠፋሁ፤ በማግስቱ ወደ ትያትሩ ገባሁ። ጠረጴዛው መርከብ ሆነ። እንግዶቹ ከስተው፣ በብርድ ደርቀው ሲወርዱ በራሴ ሰውነት አሳየሁ፤ ለመክሳቱ ብዙ አልተቸገርኩም። የባሕር ዳሩ ሰዎች በቆሎ አበሏቸው፣ አዘራሩንም አስተማሯቸው። እንግዶቹ በረቱ። ይዘውት የመጡት በሽታ ባለአገሩን ፈጀው፤ የተረፈውን ከመሬቱ አባረሩት።

“ያበላ እጅ ተነከሰ!” ብዬ ጠረጴዛውን ስመታ፣ አንድ ሹፌር “መምህር፣ ቀስ ይበሉ! ጠረጴዛው ምን አጠፋ?” አለኝ።

ሁሉም ሲስቅ ከኋላ የተቀመጠ አንድ አፋር ተማሪዬ አልሳቀም። አርባ ዓመት የሚሆነው ወዛደር ነው። የመጀመሪያውን ቀን ሥራ ይዞት ስለቀረ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን አላየም። ሲወጣ ጠጋ አለኝ።

“ይህን በእርግጥ ታውቃለህ?”

“እንደ ስሜ!” አልኩት፣ ያለኝን ደረት ነፍቼ።

በማግስቱ ከአሰብ በስተደቡብ ወዳለችው ራሔይታ፣ ዘመዶቹ ዘንድ ሄደ። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ሰላም ብሎ ብቻ አያልፍም፤ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነግራል። ዳጉ ይሉታል። ተማሪዬም የሰማውን አደረሰ፦ እንግዶች በመርከብ ወርደዋል፣ የተቀበላቸውን ሕዝብ አባርረዋል፣ የተናገረው የአሰቡ መምህር ነው። ወሬው የባሕሩን ዳርቻ ይዞ በሰሜን እስካለችው ጥዖ ገባ። የጥዖ ሰዎች “እኛ ጋ የወረደ የለም” ብለው መለሱ። ራሔይታም አልወረደም። ታዲያ የት?

በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። የተማሪዬ አጎት ናቸው። እሱ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቷል።

“መምህሩ አንተ ነህ?”

“ነኝ አባቴ፤ ይቀመጡ።”

“ቆሜ እጠይቃለሁ። ይህ የእህቴ ልጅ ያመጣው ዳጉ የትም አልተገኘም። ነገ ሽማግሎች ይቀመጡበታል። ውሸታም ከተባለ ከእንግዲህ ቃሉን የሚሰማ የለም። እንግዶቹን ያየ ማን ነው?”

“እሱ ነው በደንብ ያልሰማው” የሚል መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ተማሪዬን አየሁት። እሱ ወለሉን ያያል። መልሱን ዋጥኩት፤ ደረቅ ነበር።

“እኔ አላየሁም” አልኩ።

“ያየ ሰው ነገረህ?”

“መጽሐፍ ነው፤ አገሩም አሜሪካ ነው።”

“የጻፈው መሬቱን የተነጠቀው ነው?”

“አይ… የነጣቂው ወገን ነው።”

“ስንት ቀን ሆነው?”

“ወደ አራት መቶ ዓመት።”

ያ ሹፌር አልቻለም። “መምህር፣ ከእኔ ተሳቢም ዘገዩ እኮ!”

ሽማግሌው አልሳቁም። “የተባረሩት ሰዎች ዛሬ አሉ?”

“የልጅ ልጆቻቸው አሉ።”

“እነሱን ሳትሰማ ግማሽ ዳጉ ነው ያመጣኸው። ይህችን አሰብንም ጣሊያን በመርከብ መጥቶ በወረቀት ገዛሁ ብሏል። ወረቀቱ እሱ ጋ ነው። እኛ ጋ ያለውን ጠይቆን አያውቅም።”

እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ስንት ዓመት አሰብ ውስጥ ስለፈልፍ!

በማግስቱ አብሬያቸው ራሔይታ ሄድኩ። ሽማግሎቹ ፊት ተቀምጬ “ይህ ሰው የሰጠሁትን አንዲት ቃል ሳይጨምር አደረሰ። ዘመኑንና ቦታውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ያላየሁትን እንዳየ ሰው ያወራሁትም እኔ” አልኩ። በሕይወቴ ያደረግሁት አጭሩ ንግግር ይኸው ነው። ተመካከሩ፤ የተማሪዬ ቃል ንጹሕ ነው ተባለ። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ስለ እኔ ቃል ግን ማንም ምንም አላለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ከእህታቸው ልጅ ጋር አሰብ ሲመጡ መንገድ ላይ ያገኙኛል። ጥላ ፈልገው ይቀመጡና “ምን አየህ? ምን ሰማህ?” ይሉኛል። አፌን ስከፍት ዱላቸውን ያነሳሉ።

“ያየኸውን ብቻ።”

ሁለት ሰዓት ያለ ውኃ የማወራው ሰው፣ አስቤ አስቤ፣ “ዛሬ አሰብ ሞቃት ናት” እላለሁ።

ሽማግሌው ግንባራቸውን ጠረግ አድርገው ወደ እህታቸው ልጅ ይዞራሉ።

“ይህን ማድረስ ትችላለህ።”