«ለአፍታ ነው»

የጀልባ ናፍጣ በሸተተኝ ቁጥር ንዴቴ ይነሳል።

ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ ባሕር ዳር ወደብ ላይ፣ ደቅ ደሴት ለምትኖረው ታላቅ እኅቷ አስረከበችኝ። ከአባቴ ተጣልታ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ልትሄድ ነበር፤ እኔ ግን ይህን አላውቅም ነበር።

«መቼ ትመጫለሽ?» አልኋት።

«ለአፍታ ነው፣ ልጄ።»

ጀልባው ሲነሳ አክስቴን አፍታ ስንት እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ» አለችኝና ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች።

ዐይኔን እየከደንሁ እየገለጥሁ ደቅ ደረስን። ከዚያ ወዲያ ጀልባ በመጣ ቁጥር ወደ ዳር እሮጥ ነበር።

እናቴ የመጣችው በስድስተኛው ዓመት ነው። ቁመቴን አይታ «ውይ፣ ጊዜው እንዴት ይሮጣል!» ብላ ሳቀች።

«የሮጠው ላንቺ ነው» አልኋት። አክስቴ ልትቆጣኝ አፏን ከፈተችና ተወችው።

ዛሬ እናቴ ባሕር ዳር፣ ፔዳ ሰፈር፣ እኔ ቤት ትኖራለች። አበላታለሁ፤ ስትታመም አሳክማታለሁ። ስለነዚያ ዓመታት ግን አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ይቅር አላልኋትም።